ቡርቦን ስላሽ

ቡርቦን ስላሽ ከቡርቦን ውስኪ፣ ከሎሚና ከብርቱካን ጭማቂ፣ ከስኳርና ከሻይ ተደባልቆ በፍሪዘር ውስጥ በከፊል እስኪረጋ የሚቀመጥ፣ ከዚያም በሹካ ተፍቆ በብርጭቆ የሚቀርብ በረዷማ ኮክቴል ነው። በአሜሪካ፣ በተለይም በኬንታኪና በአካባቢዋ ባሉ የደቡብ ግዛቶች፣ በሙቀት ወራት የሚዘጋጅ የግብዣ መጠጥ ነው። ቀደም ብሎ በብዛት ተሠርቶ ስለሚቀመጥ አስተናጋጁን እንግዳ ከመጣ በኋላ ከመደባለቅ ሥራ ያሳርፈዋል። መጠጡ ድንጋይ ሳይሆን፣ ውሃም ሳይሆን መካከል ላይ የሚቆየው በውስጡ ባለው የአልኮልና የስኳር መጠን ነው። ስለዚህ የአሠራሩ ዋና ነገር ልኬት ነው። ያው ልኬት ጠጪው ምን ያህል አልኮል እንደወሰደ ለማወቅም ያገለግላል፤ ቅዝቃዜና ጣፋጭነት የአልኮሉን ጣዕም ስለሚሸፍኑት በምላስ ብቻ መገመት ያስቸግራል።

ስምና ምንነት

ቡርቦን የአሜሪካ ውስኪ ዓይነት ነው። በአገሩ ሕግ መሠረት አንድ ውስኪ ቡርቦን ለመባል ከተሠራበት እህል ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። ኦክ ከተባለው ዛፍ እንጨት በተሠራና ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ ዕቃ ውስጥ መቀመጥ፣ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባም ከ40 በመቶ ያላነሰ አልኮል መያዝ አለበት። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1964 ቡርቦንን የአገሪቱ መለያ ምርት ብሎታል። የበቆሎው ለስላሳነትና ከተለበለበው እንጨት የሚመጣው ቫኒላ የመሰለ ሽታ ከብርቱካን ጋር በደንብ ይስማማሉ። በሌላ ውስኪ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን ጭስ ጭስ የሚል የስኮትላንድ ውስኪ የጭማቂውን መዓዛ ይጫነዋል።

«ስላሽ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ መንገድ ላይ ወድቆ በከፊል የቀለጠ፣ ጭቃ የመሰለ በረዶን ያመለክታል። ስሙ የመጠጡን መልክ በደንብ ይገልጻል።

የአሜሪካ «በጋ» ሲባል ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያሉት ሞቃት ወራት ናቸው። እነዚህ ወራት በኢትዮጵያ ደጋ ክረምት፣ ዝናብና ብርድ የሚበዛባቸው ስለሆኑ የመጠጡ ወቅት ከኢትዮጵያ በጋ ጋር አይገጥምም።

ስለ ሎሚም አንድ ማብራሪያ ያስፈልጋል። በአሜሪካ የምግብ ጽሑፎች የሚጠቀሰው ሎሚ ትልቅ፣ ሞላላ፣ ቢጫና ወፍራም ልጣጭ ያለው ነው። በኢትዮጵያ ገበያ ሎሚ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ትንሽ፣ ክብና ቀጭን ልጣጭ ያለው፣ አሜሪካኖች «ላይም» ከሚሉት ወገን የሆነው ፍሬ ነው። የሁለቱም ጭማቂ ወደ 6 በመቶ ገደማ ሲትሪክ አሲድ ስለሚይዝ አንዱን በሌላው እኩል መጠን መተካት ይቻላል። የሚለየው መዓዛው ነው፤ ትንሹ ሎሚ ሽታው ጠንከር፣ በመጨረሻም መረር ይላል።

ታሪክ

ቡርቦን ስላሽ በፍሪዘር የተቀመጠ ፑንች ነው ቢባል አይሳሳትም። ፑንች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከሕንድ ጋር ይነግዱ የነበሩ እንግሊዛውያን ያስፋፉት መጠጥ ሲሆን፣ አረቄ፣ ኮምጣጣ ጭማቂ፣ ስኳር፣ ውሃና ቅመም በአንድ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይደባለቁበት ነበር። ስሙ በሂንዲ አምስት ማለት ከሆነው «ፓንች» ከሚለው ቃል እንደመጣ ብዙዎች ይናገራሉ። በውሃው ፋንታ ሻይ መጨመር በፑንች ዘመንም የተለመደ ነበር፤ በቡርቦን ስላሽ ውስጥ ሻይ መገኘቱ የዚያ ልማድ ቅሪት ይመስላል።

አረቄና ሎሚ በባሕር ላይም ተገናኝተዋል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አዛዥ ኤድዋርድ ቨርነን እ.ኤ.አ. በ1740 ለመርከበኞች የሚታደለው ሩም በውሃ እንዲቀጠን አዘዘ። ሐኪሙ ጄምስ ሊንድ እ.ኤ.አ. በ1747 በመርከብ ላይ ባደረገው ሙከራ ድድ የሚያደማውንና ለሞት የሚያበቃውን የስከርቪ በሽታ ሎሚና ብርቱካን እንደሚፈውሱት አሳየ። ይሁንና የሎሚ ጭማቂ የባሕር ኃይሉ መደበኛ ቀለብ የሆነው ከ48 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1795 ነበር።

በአንድ ብርጭቆ ልክ የሚሠራው የአረቄ፣ የሎሚና የስኳር ድብልቅ «ሳወር» ተባለ፤ ትርጉሙ ኮምጣጣ ማለት ነው። የኒው ዮርኩ መጠጥ ቀጂ ጄሪ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ የሳወር አሠራሮች ይገኛሉ። «ውስኪ ሳወር» የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1870 በዊስኮንሲን ግዛት ጋዜጣ ላይ ታትሟል።

እነዚህ መጠጦች በረዷማ እንዲሆኑ መጀመሪያ በረዶ ራሱ ርካሽ መሆን ነበረበት። የቦስተኑ ነጋዴ ፍሬደሪክ ቱዶር እ.ኤ.አ. በ1806 ከማሳቹሴትስ የተቆረጠ በረዶ በመርከብ ጭኖ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ላከ። በመጀመሪያው ጉዞ ከበረዶው ብዙው ቀለጠ፣ ነጋዴውም ከሰረ። ቆይቶ ግን በረዶውን በሰጋቱራ ሸፍኖ ማጓጓዝ ተለመደና እ.ኤ.አ. በ1833 የአሜሪካ በረዶ እስከ ሕንዷ ካልካታ ደረሰ። በአሜሪካ ከተሞችም በረዶ የሀብታም ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በደቃቅ በረዶ የተሞላ የውስኪ ብርጭቆም በደቡብ ግዛቶች የተለመደ ሆነ።

ቀጣዩ እርምጃ የኤሌክትሪክ መፍጫ ነው። የፖላንድ ተወላጁ ስቲቨን ፖፕላውስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ከታች ምላጭ ላለው መፍጫ የፈጠራ መብት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1937 ደግሞ የሙዚቃ ጓድ መሪው ፍሬድ ዋሪንግ በስሙ የተጠራውን መፍጫ ለገበያ አቀረበ፤ ቡና ቤቶችም በረዶ ፈጭተው መጠጥ ለመሥራት ተጠቀሙበት። በዚያው ዘመን በሃቫና «ኤል ፍሎሪዲታ» በተባለው ቡና ቤት ኮንስታንቲኖ ሪባላይጓ በሩምና በሎሚ የሚሠራውን በረዷማ ዳይኪሪ ታዋቂ አድርጎት ነበር።

ስላሽን ከቡና ቤት ወደ ቤት ያመጡት ግን የቤት ፍሪዘርና በጣሳ የታሸገ የብርቱካን ጭማቂ ናቸው። በ1940ዎቹ በፍሎሪዳ የተሠሩ ተመራማሪዎች የብርቱካንን ጭማቂ በዝቅተኛ ግፊት አትንነው ካወፈሩት በኋላ ጥቂት ትኩስ ጭማቂ መልሰው በመጨመር መዓዛውን የሚያቆዩበትን ዘዴ አገኙ። ጭማቂው በረዶ ሆኖ በጣሳ ይሸጥ ጀመር። ዛሬም ብዙ የቡርቦን ስላሽ አሠራሮች የሚለኩት በጣሳ ነው፤ ይህን ያህል ጣሳ የብርቱካን፣ ይህን ያህል ጣሳ የሎሚ እየተባለ።

በማሽን የሚሠራው በረዷማ ኮክቴል ሌላ መንገድ ተከትሏል። በዳላስ ከተማ ምግብ ቤት የነበረው ማሪያኖ ማርቲኔዝ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1971 ለስላሳ አይስክሬም መሥሪያ ማሽን አሻሽሎ በቴኪላና በሎሚ የሚሠራውን ማርጋሪታ በብዛት ማቅረብ ቻለ። ሠራተኞቹ እያንዳንዱን ብርጭቆ በመፍጫ ሲሠሩ ፍጥነቱ አልበቃም፣ ጣዕሙም ይለያይ ነበር። ማሽኑ ከ2005 ጀምሮ በስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል።

ለምን ድንጋይ አይሆንም?

ንጹሕ ውሃ በዜሮ ዲግሪ ሴልሲየስ በረዶ ይሆናል። ንጹሕ አልኮል (ኤታኖል) በረዶ የሚሆነው ግን ከዜሮ በታች በ114 ዲግሪ ነው። 40 በመቶ አልኮል ያለው ውስኪ በረዶ መሥራት የሚጀምረው ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የቤት ፍሪዘር የሚሠራው ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የውስኪ ጠርሙስ እዚያ ውስጥ ለወራት ቢቀመጥ እንኳ ከመወፈር በስተቀር አይረጋም። የሎሚ ጭማቂ በብዙ ውሃ ተበጥብጦ ብቻውን ቢቀመጥ ደግሞ በማግስቱ ማንኪያ የማይገባበት ድንጋይ ይሆናል።

ሁለቱ ሲደባለቁ የሚሆነው ነገር የመካከለኛ ሙቀት መፈጠር ብቻ አይደለም። ድብልቁ ሲቀዘቅዝ በመጀመሪያ የሚረጋው ውሃው ነው። የበረዶ ቅንጣት ሲሠራ ውሃ ውሃውን ብቻ መርጦ ይያያዛል፤ አልኮሉን፣ ስኳሩንና አሲዱን ወደ ውጭ ይገፋል። በዚህ ምክንያት የቀረው ፈሳሽ እየጠነከረ ይሄዳል፤ በጠነከረ መጠንም በረዶ ለመሥራት የበለጠ ብርድ ይፈልጋል። ፍሪዘሩ ሊሰጥ የሚችለው ብርድ ሲያልቅ ሂደቱ ይቆማል። በዚያን ጊዜ ዕቃው ውስጥ ያለው ነገር ደቃቅ የውሃ በረዶ ቅንጣቶችና በመካከላቸው የቀረ ጠንካራ፣ ጣፋጭ ሽሮፕ ነው።

10 በመቶ አልኮልና 14 በመቶ ገደማ ስኳር ያለው ድብልቅ በረዶ መሥራት የሚጀምረው ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፍሪዘሩ 18 ዲግሪ ሲደርስ ከውሃው ከግማሽ በላዩ ረግቷል፤ የተቀረው ፈሳሽ ቅንጣቶቹን ስለሚያለያያቸው በሹካ በቀላሉ ይፈርሳል። አልኮሉ ወደ 16 በመቶ ቢወጣ መጠጡ ቀጭን ይሆናል፤ ብርጭቆ ውስጥ በገባ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም ውሃ ይሆናል። ወደ 4 ወይም 5 በመቶ ቢወርድ በመዶሻ የሚሰበር ይሆናል። «ትንሽ ውስኪ ልጨምርበት» የሚለው ልግስና ስላሽን ከሚያበላሹት ነገሮች ዋነኛው ነው።

ይህ የውሃና የአልኮል መለያየት በአሜሪካ የቅኝ ግዛት ዘመን ሆን ተብሎ ይሠራበት ነበር። ገበሬዎች የፖም ጠጃቸውን በክረምት ብርድ ደጅ ያሳድሩትና የረጋውን በረዶ እያወጡ ይጥሉ ነበር፤ የሚቀረው ፈሳሽ አፕልጃክ የተባለ ጠንካራ መጠጥ ነው። በስላሽ ብርጭቆም ያው ነገር በትንሹ ይደገማል። መጠጡ ሳይነካ ሲቀመጥ ጠንካራው ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል። ስትሮውን እስከ ታች አስገብቶ የሚስብ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ከአማካዩ በጣም የጠነከረውን ክፍል ነው፤ ከላይ የሚቀረው ጣዕም የሌለው ነጭ በረዶ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመቅረቡ በፊት በደንብ ማማሰልና በሚጠጣበት ጊዜም ደጋግሞ ማወክ።

ስኳሩ ሁለት ሥራ አለው። ያጣፍጣል፤ ከአልኮሉ ባነሰ መጠንም ቢሆን የመርጊያውን ሙቀት ዝቅ ያደርጋል። ሽሮፑን ስለሚያወፍረው የበረዶ ቅንጣቶች ተገናኝተው እንዳያድጉም ያግዛል። ትልልቅ ቅንጣቶች ጥርስ ላይ ይሰበራሉ፣ ትንንሾቹ ምላስ ላይ ይቀልጣሉ። ስለዚህ ስኳር ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው የጣፋጭነቱን ብቻ ሳይሆን የልስላሴውንም ዋጋ ይከፍላል።

ቅዝቃዜና ጣዕም

ድብልቁ ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት የሚቀምሰው ሰው በጣም ጣፋጭ ነው ብሎ ይደነግጣል። ይህ መሆን ያለበት ነው። የጣፋጭ ስሜት በብርድ ይደክማል። በቤልጂየም የሌቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት የዚህን ምክንያት በምላስ የጣዕም ሕዋሳት ውስጥ አሳይተዋል። ቲ-አር-ፒ-ኤም-5 የሚባለው፣ የጣፋጭን ምልክት ወደ ነርቭ የሚያስተላልፈው በር በሙቀት ይበልጥ ይከፈታል፣ በብርድ ይዘጋል። የቀለጠ አይስክሬም ከረጋው ይልቅ የሚያቅለሸልሽ ጣፋጭ የሚሆነውም በዚህ ነው።

የሎሚው ኮምጣጣነት በብርድ እንደ ጣፋጩ ብዙ አይዳከምም። በመደበኛ ውስኪ ሳወር ውስጥ ተመዝኖ የነበረው ሎሚና ስኳር በረዶ ሲሆን ሎሚው የበላይ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የስላሽ ስኳር ከፍ የሚደረገውም እሱን ለማካካስ ነው። የአልኮሉ ማቃጠልና ሽታም በብርድ ይቀንሳል፤ ሽታ የሚሰማው ከፈሳሹ ተኖ አፍንጫ ሲደርስ ሲሆን የቀዘቀዘ ነገር ደግሞ ብዙ አይተንም። ጠጪው የሎሚ ውሃ የጠጣ ይመስለዋል።

የሻይው ሚና ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በጥቁር ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን አፍን በመጠኑ ያደርቃል፤ ያ መድረቅ ስኳሩን ይቆርጠዋል፤ ከበርሜል ከመጣው የውስኪው እንጨታማ ጣዕምም ጋር ይቀራረባል። ሻይ የሌለው ስላሽ ይጠጣል፤ ግን ወደ ልጆች የበረዶ ከረሜላ ያዘነብላል።

አዘገጃጀት

የሚከተለው መጠን ለ8 ብርጭቆ የሚበቃ ሲሆን በትኩስ ጭማቂ የሚሠራ ነው።

600 ሚሊ ሊትር ውሃ
2 የጥቁር ሻይ ከረጢት
200 ግራም ስኳር
300 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ
200 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ
400 ሚሊ ሊትር 40 በመቶ አልኮል ያለው ቡርቦን

ውሃው ይፈላና ሻዩ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይዘፈዘፍበታል። ከዚያ በላይ ሲቆይ ይመራል። ከረጢቶቹ ወጥተው ስኳሩ ሻዩ ትኩስ እያለ ይሟሟል። ሻዩ ሙሉ በሙሉ ሲበርድ ጭማቂዎቹና ውስኪው ይጨመራሉ፤ ውስኪን በትኩስ ነገር ላይ ማፍሰስ አልኮሉንም መዓዛውንም ያተናል። ጭማቂው በወንፊት ቢጠለል ጥሩ ነው፤ ጥቂት የብርቱካን ሥጋ ቢቀርበት ግን አይጎዳም።

ድብልቁ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይገለበጣል። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ዕቃው እስከ አፉ አይሞላም፤ የመስታወት ዕቃ ሊሰነጠቅ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት በየ2 ሰዓቱ በሹካ ማማሰል ትልልቅ ቅንጣቶች እንዳይሠሩ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ያድራል። ለማቅረብ 10 ደቂቃ ሲቀረው ከፍሪዘር ይወጣል፣ በሹካ ይፈቀፈቃል፣ ብርጭቆው ሦስት አራተኛ ያህል ይሞላና ከላዩ ጋዝ ያለው ውሃ ወይም የዝንጅብል ለስላሳ ይፈስበታል። የብርቱካን ልጣጭ ቁራጭ በብርጭቆው ላይ ሲጨመቅ የሚረጨው ዘይት ብርዱ የወሰደውን መዓዛ በከፊል ይመልሳል፤ ከማስዋቢያ ሁሉ ጥቅም ያለው እሱ ነው።

የብርቱካኑ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። እምብርት ያለውና ፍሬ አልባው ናቭል ሲበላ ግሩም ነው፤ ጭማቂው ግን ተጨምቆ ሲቆይ ሊሞኒን የተባለ መራራ ነገር ይፈጠርበታል። ሌሊቱን ለሚያድር መጠጥ ቫሌንሲያ የተባለው የጭማቂ ብርቱካን ይመረጣል። ናቭል ብቻ ካለ ተጨምቆ ወዲያው ወደ ፍሪዘር መግባት አለበት።

ለአንድ ሰው ፈጥኖ መሥራት የሚፈልግ የጁስ መፍጫ ይጠቀማል። 60 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ 30 ሚሊ ሊትር ሎሚ፣ 30 ሚሊ ሊትር ብርቱካንና 30 ሚሊ ሊትር ወፍራም የስኳር ሽሮፕ መጀመሪያ ይገባሉ፣ 200 ግራም ያህል በረዶ ይከተላል። አንድ ግራም በረዶ ሲቀልጥ 334 ጁል ሙቀት ከአካባቢው ይወስዳል፤ አልኮልና ስኳር ባለበት ደግሞ ከዜሮ በታችም ስለሚቀልጥ ድብልቁ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ውስኪውና ሽሮፑ ቀድመው ፍሪዘር ውስጥ ከሰነበቱ በረዶው እነሱን ለማቀዝቀዝ ሲል ብዙ አይቀልጥም፣ መጠጡም አይቀጥንም። በዚህ መንገድ የተሠራው 7 በመቶ ገደማ አልኮል ይይዛል፤ ሳይቆይ መጠጣት አለበት።

በመደበኛው ውስኪ ሳወር ላይ አንዳንዶች ለአረፋ ብለው የእንቁላል ነጭ ይጨምራሉ። በስላሽ ላይ አያስፈልግም፤ መፍጫው ራሱ አየር ያስገባል። ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል፣ ፍሪዘርም ባክቴሪያውን አይገድለውም። በረዶውም እንደዚሁ ነው፤ ካልተጣራ ውሃ የተሠራ በረዶ በ10 በመቶ አልኮል አይጸዳም።

አልኮል ለማይጠጡ ያው ድብልቅ ያለ ውስኪ ሊሠራ ይችላል፤ ግን አልኮሉ ስለሌለ ይደርቃል። ስለዚህ እንደ ጣሊያኖች ግራኒታ በየግማሽ ሰዓቱ በሹካ እየተፋቀ ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት መከታተልን ይጠይቃል። የሁለቱ ዕቃዎች መልክ አንድ ስለሚሆን በላያቸው ላይ በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል።

የአልኮል መጠንና ጥንቃቄ

ከላይ ያለው ድብልቅ ስኳሩ የሚይዘው ቦታ ታስቦ 1.6 ሊትር ያህል ይሆናል። 400 ሚሊ ሊትር ውስኪ 40 በመቶው፣ ማለትም 160 ሚሊ ሊትሩ ንጹሕ አልኮል ነው፤ ይህም ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ ነው። ለ8 ሲከፈል ለእያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ በክብደት 16 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይደርሳል። በአሜሪካ አንድ መደበኛ መጠጥ የሚባለው 14 ግራም ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ብርጭቆ ከአንድ መደበኛ መጠጥ ጥቂት ይበልጣል፤ ሁለት ብርጭቆ በፍጥነት የጠጣ ሰው 100 ሚሊ ሊትር ውስኪ ጠጥቷል። ከላይ የሚፈሰው ለስላሳ ጣዕሙን ያቀጥነዋል እንጂ ይህን ቁጥር አይለውጠውም።

ጠንካራ ቡርቦን፣ ለምሳሌ 50 በመቶ የሆነው፣ ሲገኝ 320 ሚሊ ሊትር ብቻ ተጨምሮ 80 ሚሊ ሊትር ውሃ ይታከልበታል። አልኮሉ ያው 160 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን አረጋጉም አይለወጥም።

በሙቀት ቀን በረዷማ መጠጥ ጥም የሚቆርጥ ይመስላል። አልኮል ግን ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ የሚያዘውን ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ስለሚቀንስ ሽንት ያበዛል፤ በላብ ውሃ ያጣ ሰው ከብርጭቆ ብርጭቆ መካከል ውሃ መጠጣት አለበት። የሚያሽከረክርና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ፈጽሞ ሊጠጡት አይገባም። በአሜሪካ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ሕግ ይከለክለዋል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ሕፃናት ናቸው። ቢጫ፣ ጣፋጭ፣ የብርቱካን ሽታ ያለውና በአይስክሬም ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ ነገር በቤተሰብ ፍሪዘር ውስጥ ሲገኝ ልጅ ከመቅመስ አይመለስም፤ ቅዝቃዜው የአልኮሉን ማቃጠል ስለሚሸፍንም ልጁ አይተፋውም። ለትንሽ ልጅ ለአዋቂ ቀላል የሚባለው መጠን እንኳ በደም ያለውን ስኳር አውርዶ ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ዕቃው ልጅ ከማይደርስበት የላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ምን እንደያዘ ተጽፎበት ይቀመጣል።

አቀማመጥና ሌሎች ዓይነቶች

ክዳኑ በደንብ ከተዘጋ ስላሽ በፍሪዘር ለአንድ ወር ያህል መዓዛውን ሳያጣ ይቆያል፤ ክፍት ከሆነ የሥጋና የሽንኩርት ሽታ ይስባል። ቀልጦ ከቀረ ተመልሶ ሊረጋ ይችላል፤ ነገር ግን ሳይማሰል የረጋ ከሆነ ቅንጣቶቹ ሻካራ ስለሚሆኑ እንደ አዲስ በየ2 ሰዓቱ መማሰል አለበት። በዊስኮንሲን ግዛት ያው አሠራር በቡርቦን ፋንታ በብራንዲ ይሠራል፤ ብራንዲ ስላሽም ይባላል። በሌላ ቦታ ከብርቱካኑ ግማሹ በአናናስ ጭማቂ ይተካል፤ አናናስ ከሎሚም ከብርቱካንም የበለጠ ስኳር ስላለው በዚያን ጊዜ ከ200 ግራሙ ስኳር ጥቂት ይቀነሳል።